በአባቴ ይቅርታ ስለ ተዘጋው የካሳ ፋይል

ለክቡር የመድን ድርጅቱ የባሕር ዳር ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ስምዎን ያልጻፍሁት ለክብርዎ ተጠንቅቄ ነው፤ የድርጅቱንም ስም የተውሁት በጋዜጣ ላይ ያለ ክፍያ ማስታወቂያ እንዳይሆንለት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለእግሮችዎ ደኅንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ።

በመቀጠል አንድ መርዶ ላረዳዎ እገደዳለሁ። በካሳ ክፍሉ መስኮት ላይ በሲባጎ ታስሮ ባለጉዳዩን ሁሉ ያለ አድልዎ ሲያገለግል የኖረው ሰማያዊ እስክሪብቶ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ እኔ አሥራ አንደኛውን ማመልከቻ እየፈረምሁ ሳለ፣ ቀለሙ አልቆ ዐርፏል። ሟች ለጥቂት ሳምንታት ሲያጣጥር የቆየ ሲሆን ባለጉዳዮች ጫፉን በትንፋሽ በማሞቅና በመዳፋቸው በማሸት ነፍስ ሊዘሩበት ብዙ ደክመዋል። ሠራተኞችዎ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መክረው ምትኩን አስረዋል። በድርጅቱ ውስጥ በአንድ ቀን ተጀምሮ ሲያልቅ ያየሁት ብቸኛ ጉዳይ ስለሆነ በአደባባይ ማመስገን ግዴታዬ ነው።

አሁን ወደ ተራው ነገር፣ ወደ አባቴ እግር ልመለስ።

፩. አባቴ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ አቋቋም የሚያስተምሩ የስልሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ከቅዳሴ ወጥተው ዓባይ ማዶ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሲጠብቁ፣ ከቁንዝላ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ጎንደር የሚያልፍ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት ከአንድ ሱቅ ግንብ ጋር አጣበቃቸው። ሦስት የጎን አጥንታቸው፣ ቀኝ እግራቸውም ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርት ጥፋቱን ያለ ማንገራገር ለአይሱዙው ሰጥቷል፤ አይሱዙው ደግሞ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን መድን እናንተ ዘንድ ገብቷል። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምንም እንኳ ይቅርታ የሚለውን ቃል ያለ ጠበቃ ከአፌ ማውጣት እንደሌለብኝ ኋላ ብማርም።

፪. ባለሙያዎ አቶ ግሩም የአባቴን የሥራ ማስረጃ ጠይቀው፣ ደብሩ «መሪጌታ በማኅሌት ቆመው ያገለግላሉ» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ተቀምጠው ማገልገል የማይችሉበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲብራራ አዝዘዋል። ጥያቄውን ለአባቴ አቅርቤላቸው ነበር። ብዙ አሰቡበት። በተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች ሁሉ መቋሚያ ይዞ ተቀምጦ የሚዘም ሊቅ እንዳላጋጠማቸው፣ ድርጅቱ መምህር ካለው ግን በዚህ ዕድሜያቸውም ቢሆን ከመማር ወደ ኋላ እንደማይሉ በትሕትና አሳውቀዋል።

፫. በአደጋው በዘጠነኛው ቀን፣ የአገሩ ወግ ነውና፣ ሽማግሌዎች ወደ ሆስፒታል መጡ። ከፊት መስቀል የያዙ ቄስ፣ ከኋላ የሾፌሩ የአዘዘ ሚስት የብርጓል ነበሩ። አዘዘ ራሱ ጣቢያ ታስሮ ነበር። የብርጓል የስድስት ወር ልጇን ለአንዷ አስታማሚ ሰጥታ፣ ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ከአልጋው ግርጌ ተንበረከከች። አባቴ ሕመሙ ጥርሳቸውን አስነክሷቸው ሳለ «ተነሽ ልጄ፣ አውርጂው፣ እመጫት ነሽ» አሏት። ወደ ሽማግሌዎቹም ዞረው «አቡነ ዘበሰማያትን በቀን ስንት ጊዜ እደግማለሁ፤ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልደግመው ነው?» አሉ። ለፍርድ ቤት የሚሆን ወረቀት ተዘጋጀ፤ አባቴም «ይቅር ብያለሁ፣ በአዘዘ ላይ አንዳች ጥያቄ የለኝም» ብለው በዚያ በሚያምር ቁም ጽሕፈታቸው ፈረሙ። አዘዘ በዋስ ወጣ። እኛም የነፍስ ሥራ ሠራን ብለን ነበር፤ ለካ የሠራነው የእናንተን ሥራ ኖሯል።

በጥር ወር የደረሰን ደብዳቤዎ እንዲህ ይላልና፦ «ተጎጂው በጽሑፍ ባደረጉት ይቅርታ ማንኛውንም ጥያቄ በፈቃዳቸው የተዉ በመሆኑ የካሳ ጥያቄው ውድቅ ተደርጎ ፋይሉ ተዘግቷል።» ክቡር ሆይ፣ ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ ታላቅ ዋጋ አለው እያለች ስትሰብክ በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ አልነበራትም፤ እርስዎ ሰጧት። ይቅርታው የአባቴን ኃጢአት ያስተሰርይላቸው እንደ ሆነ የሚታወቀው በሰማይ ነው፤ የእናንተን ዕዳ መሰረዙ ግን በምድር፣ በቁጥርና በቀን ተረጋግጧል።

፬. አቶ ግሩም ደግ ሰው ስለሆኑ መውጫ መንገድም አሳይተውኛል። መሪጌታ ይቅርታቸውን ማንሣታቸውን ጽፈው ቢፈርሙ ፋይሉ እንደ ገና ሊታይ ይችላል አሉኝ። አዘዘ ተመልሶ ይታሰር ይሆን ብዬ ብጠይቅ፣ እሱ የእኛን ክፍል አይመለከትም አሉ። እኔም በአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት የምሠራ የቢሮ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር የእኛን ክፍል አይመለከትም ሲባል ነፍስ እንዴት ቅልል እንደሚላት አውቃለሁ።

አልዋሽዎትም፤ እኔ እንደ አባቴ አይደለሁም። ይቅርታውን የሚያነሣውን ወረቀት ያስተየብሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ለመንኋቸው፣ አለቀስሁ፣ ተቆጣሁ፣ ምግብም አልበላም አልሁ። በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ እስክሪብቶ ሲጠይቁኝ ፈጥኜ አቀበልኋቸው። አንድ የፊደል ግድፈት አርመው መለሱልኝ። «እግሩ የእኔ ነው፣ ልጄ ማኅሌት፤ ይቅርታው ግን አሁን የአዘዘ ነው። የሰው ገንዘብ መልሼ ልውሰድ?» አሉኝ። ይህን ለአቶ ግሩም ብነግራቸው፣ በመመሪያው ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ የሚሆን ሣጥን እንደሌለ ገልጸውልኛል።

፭. ተጎጂው በአካል ቀርበው ይታዩ ተብሎ ሁለት ጊዜ ወደ ሦስተኛ ፎቅ በወንበር ተሸክመናቸው ወጥተናል። ሁለቱንም ጊዜ የሚያየው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር።

፮. ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው አዘዘን የተቀበላችሁበት አኳኋን ነው። ይህ ሰው ከቁንዝላ አራት ጊዜ እየተመላለሰ «የገጨሁ እኔ፣ መኪናው የእኔ፣ መድን የገባሁም እኔ፤ በእኔ ፈንታ ክፈሉልኝ ብዬ አይደል የገባሁት?» እያለ በመስኮታችሁ ተማጥኗል። የተሰጠው መልስ «አንተን ምረውሃል፤ ምን አርፈህ አትቀመጥም?» የሚል ነው። በአግዳሚው ላይ የገጪና የተገጪ ወገን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንውል፣ የጥበቃ ሠራተኛችሁ ባልና ሚስት መስለነው ወረፋችንን በአንድ ቁጥር መዝግቦታል። አላረምነውም፤ ከድርጅቱ ያገኘነው ብቸኛ ቅናሽ ነበርና።

፯. የመጨረሻው ነጥብ ከጊዜ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ጊዜ ላለው መሥሪያ ቤት ማቅረቤ ያሳፍረኛል። ስብራቱ ውስጥ የገባው ብረት አመርቅዟል፤ መግሉ ወደ አጥንቱ ዘልቋል። የአጥንት ሐኪማቸው፣ አባቴ አዲስ አበባ ሄደው እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው እግራቸው እንደሚተርፍ ነግረውናል። የአዲስ አበባው ሆስፒታል አልጋ የሚይዘው አስቀድሞ ለተከፈለለት ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከእንግዲህ የሚሸጥ ነገር የለም። ሌሊት ሌሊት አባቴ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣቸው በዝግታ ያዜማሉ፤ በግራ እጃቸውም ያመመውን ጉልበት እንደ ከበሮ ሳይሆን እንደ ሕፃን ይዳብሳሉ። ይህ በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ ስላላወቅሁ እዚህ ጻፍሁት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ይቅር ያሉት ሾፌሩን ነው፤ ድርጅትዎ በዚያ ቀን አልጋው ግርጌ አልተንበረከከም፣ ድንጋይም አልተሸከመም። ያልለመናችሁትን ምሕረት ለባለቤቱ መልሳችሁ ፋይሉን ክፈቱት።

ውድ ጊዜዎን ሠውተው፣ ከወንበርዎም ሳይነሡ ይህን ላነበቡልኝ፣ ፋይላችን በተዘጋበት ጽናት ልክ የጸና አክብሮቴን እያቀረብሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ደረጃዎ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንዲያድግ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ማኅሌት ወልደ ዮሐንስ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፱ ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ይህን ደብዳቤ አንብበው ምላሴ እንዳሳፈራቸው ነግረውኛል፤ እርስዎንም ከነድርጅትዎ ይቅር ማለታቸውን እንድጨምርበት አዝዘውኛልና ጨምሬአለሁ። ከፋይሉ ጋር ለማያያዝ እንደማይዘገዩ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ምንም ወረቀት አለመፈረሜን በመዝገብ ይያዝልኝ።

ማረሚያ፦ (መጋቢት ፳፰ ቀን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የተላከ) ከላይ በሰፈረው ደብዳቤ ተራ ቁጥር ፩ ላይ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ እንደ ተሰበረ፣ በተራ ቁጥር ፯ ላይም እስከ መጋቢት መጨረሻ ከታከመ እንደሚተርፍ ተገልጾ ነበር። መግሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ስላልጠበቀ፣ ከመጋቢት ፳፮ ቀን ጀምሮ ተጎጂው ከቀኝ ጉልበታቸው በታች እግር ስለሌላቸው ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ተሰርዘዋል። ይቅርታውን ጨምሮ የቀረው ሁሉ እንደ ጸና ነው።