ከምንጣፉ የወጣው እድፍ

ውድ ታይስቶ፣

ደክሞኛል። ይህን ላንተ እንጂ ለማን እላለሁ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ለሌላ ሰው "ደክሞኛል" ስል "ተኚ እንግዲህ" ይለኛል። በእንቅልፍ የሚወጣ ድካም ቢሆንማ ምን ችግር ነበረው!

አንተ ካለፍክ ሦስተኛው የበረዶ ወራት ገባ። ሐይቁ ጸንቷል፣ ጥዶቹ ከበረዶው ክብደት ጎንበስ ብለዋል፣ ጀንበሯም ብቅ ብላ ወዲያው ትሄዳለች። ድሮ ይህን ሳይ እጄ አያርፍም ነበር። ነፋስ የጠረገው በረዶ የመጋረጃ ጥለት ይሆነኛል፤ የጥንቸል ኮቴ ለትራስ ልብስ፣ አጥሩ ላይ የያዘው አመዳይ ለጠረጴዛ ልብስ። አንተ ደግሞ ከበረዶ መጥረጊያው መኪና ወርደህ፣ ከነጫማህ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ትስቅብኛለህ።

"እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከመንገድ የጠረግሁትን አንቺ መልሰሽ ሰው ቤት ታስገቢዋለሽ! ኧረ ተይ ራይሊ፣ አንድ ቀን ሕዝቡ ይነቃብሻል።"

"ጫማህን አውልቅ!" እልሃለሁ።

"አሁን እወጣ የለም እንዴ?" ትላለህ። ዕድሜህን ሙሉ አሁን የምትወጣ ሰው ነበርክ።

አንተ ካለፍክ ወዲህ ግን በረዶውን ሳየው በረዶ ብቻ ሆነብኝ። ነጭ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ በቃ። ሄልሲንኪ ያሉት የጨርቅ ፋብሪካ አሠሪዎቼ እስካሁን ታገሱኝ፤ ዘንድሮ ግን ሄንሪካ የምትባለው ወጣት ኃላፊያቸው ደውላ ቁርጡን ነገረችኝ። ወሩ ሳያልቅ አዲስ የበረዶ ጥለት ካልላክሁ ውላችን አይታደስም። አልፈረድኩባትም። መስኮቱ ሥር ወረቀት ዘርግቼ እቀመጥ ነበር፤ ወረቀቱ ነጭ፣ ውጭው ነጭ፣ እኔም ባዶ። እስኪመሽ ተፋጠን እንለያይ ነበር።

የኮሪደሩን ነጭ የሱፍ ምንጣፍ አንተ ከሞትክ ወዲህ አላጸዳሁትም ነበር። ደረቁ ብርድ ሲገባ የመንደሩ ሴት ሁሉ ምንጣፏን አውጥታ፣ በረዶ ላይ በፊቱ ደፍታ፣ እድፉ በረዶው ላይ እስኪቀር ስትደበድብ፣ የኛ ጓሮ ብቻ ጭጭ ይል ነበር። አንተ የምትቆምበት ቦታ፣ የሞተር ዘይትና ጥላሸት የጠጣው፣ በሩ ሥር እንዳለ ነበር። በካልሲ እንኳ አልረግጠውም፤ ዘልዬው ነበር የማልፈው። ልብስህን ለልጆቹ ሰጥቻለሁ፣ መኪናህን ሌላ ሰው ይነዳዋል። እድፍህን ግን ማንም አይነካብኝም ብዬ ነበር።

ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን ከሱቅ ስመለስ ከጓሮ ዷ! ዷ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ሂልያ! ቁልፉን የት እንደማስቀምጥ ታውቃለች። ምንጣፉን አውጥታ፣ በረዶው ላይ ደፍታ፣ በመደብደቢያው ታወርድበታለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ኮፍያዋ ወደ አንድ ጆሮዋ ተንሸራቷል።

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ!" ብዬ የያዝኩትን ዳቦ ጣልኩት።

"መጣሽ? በይ ያዥ በዚያ በኩል። ሰው ሁሉ እያማሽ ነው። ራይሊ ባሏ ከሞተ ምንጣፏ ውጭ ወጥቶ አያውቅም፣ ቆሻሻ ውስጥ ተቀመጠች ይላሉ። አፋቸውን ላዘጋልሽ ብዬ ነው።"

"ማን ንኪው አለሽ?"

"ውይ! አመስግኚኝ እንጂ! የዚህን ሰውዬ የጫማ እድፍ ለማስለቀቅ ክንዴ ሊገነጠል ነው።"

"ከሱ የቀረኝ እድፉ ነበር!" አልኳት። "እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ፣ ሂልያ!"

ሂልያ መደብደቢያውን ጣለች። "እኔን! እኔ ምን አውቄ" አለችና የምንጣፉን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ ገለጠችው።

እዚያ ነበርክ። ምንጣፉ የተደፋበት በረዶ ጫፉ ላይ ጠቁሯል፤ ሁለት ጫማ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ ትንሽ ወደ ውጭ የዞረ፣ ልክ እንዳቋቋምህ። ከዚያ ወዲህ ያለው፣ ቤት ውስጥ እስከ ወጥ ቤቱ በር የሚዘረጋው የምንጣፉ ክፍል ያረፈበት በረዶ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። ለካ ሰምተኸኛል! እኔ ስጮህብህ ስኖር፣ አንተ በጫማ አንዲት እርምጃ እንኳ አላለፍክም። ይህን አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ አዲስ በረዶ መጣል ጀመረ። ቀና ብዬ ሳይ ሊሸፍንህ ነው። ወረቀትና እርሳስ ላመጣ ስሮጥ፣ ሂልያ ከዕቃ ቤቱ የበጋውን የፀሐይ ጃንጥላ ጎትታ አውጥታ ከላይህ ዘረጋችው። ባለ ቢጫ መስመሩን! በዚያ ብርድ!

"ቶሎ በይ፣ ጣቴ ደነዘዘ። ደግሞስ ምኑ ነው የሚሳለው? ቆሻሻ አይደለም እንዴ?"

"ቆሻሻ ነው። ዝም ብለሽ ያዢ።"

ጥቁሩን እያየች "እግሩማ እግር ነበር፣ እንደ ጀልባ!" አለች። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። እሷም አለቀሰች፣ ጃንጥላውን ግን አላዘነበለችም። እኔም ሣልኩት።

ንድፉን ላክሁ። ሄንሪካ ደወለች።

"ራይሊ፣ ሁላችንም ወደድነው። አንዲት ነገር ብቻ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ደንበኛ እድፍ ነው እንዳይል፣ ብናነሳውስ?"

ለክርክር አቅም አልነበረኝም። ውሉም ይቅር፣ ሥራውም ይቅር አልኩ በልቤ።

"እሱ ከተነሳ ጨርቁም የለም" አልኳት።

"ግን ምንድን ነው?"

"ሰው የቆመበት ቦታ ነው።"

ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እንግዲያው ይቆይ" አለችኝ።

ትናንት የመጀመሪያው ጨርቅ ተሸምኖ መጣ። ከነገ ወዲያ ሱቅ ይገባል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ገዝተው ጠረጴዛቸው ላይ ያነጥፉታል፣ ልጆቻቸው ሾርባ ያፈሱበታል። ይህን ሳስብ፣ ሲያጥቡህ ትለቅ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሙቅ ውሃ ቀድቼ በሳሙና አሸሁት፣ ጨመቅሁት፣ ደግሜ አሸሁት፣ ወስጄም ብርሃን ላይ ዘረጋሁት።

ደህና ሁን፣ የኔ ጌታ። ምንም ቢያጥቡህ አትለቅም።

ያንተዋ ራይሊ