ከግድግዳ የወረዱት ዳይሬክተር

ይድረስ ለቀድሞው ዳይሬክተሬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎ ያስቸግርዎ ነበር፤ አሁን የሚኖሩበት ቤት ደረጃ የሌለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ቤተሰብዎም ሁሉ በጤና እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ፈጣሪ ምንም አላጎደለብኝም። መነጽር አድርጌያለሁ። ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር።

ይህን የምጽፍልዎ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ነው። የትምህርት ቤቱን ጽሕፈት ቤት ቁልፍ ለምትተካኝ ልጅ ሳላስረክብ፣ እዚህ የሆነውን ራሴ ልነግርዎ ፈለግሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለራስ ጉዳይ የመጨረሻው ሰሚ መሆን ምን እንደሚመስል ስለማውቀው፣ በእርስዎ ላይ እንዲደርስ አልፈለግሁም።

የመጀመሪያውን ዳይሬክተር እርስዎ አልደረሱባቸውም። እኔ የደረስኩት በመጨረሻ ዘመናቸው ነው። ልጆቹ "ግንበኛው" ይሏቸው ነበር። ከባሕር ማዶ መጥተው ክፍሎቹን ከሠራተኞቹ ጋር የገነቡ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ በገመድ ሸብ አድርገው ሲሚንቶ የሚያቦኩ መነኩሴ። ሥራ ልጠይቅ የመጣሁ ቀን፣ "ዳይሬክተሩን የት አገኛቸዋለሁ?" ብዬ የጠየቅሁት እሳቸውን ራሳቸውን ነበር። "ዳይሬክተሩ እጁን እስኪታጠብ ጠብቅ" አሉኝ። ቋንቋችንን ሲናገሩ ወንድና ሴት ይደበላለቅባቸው ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ እኔን "አንተ"፣ ዘበኛውን "አንቺ" እንዳሉ ነው። ዘበኛውም ለምዶት "አቤት!" ይል ነበር። የዚያን ጊዜ ተማሪ የጫማ ሰፊ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነው። ጠዋት ፊደልና ሒሳብ፣ ከሰዓት በኋላ አናጢነት። ሲሞቱ ሬሳ ሣጥናቸውን የሠሩት ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ማጠፊያው እንኳ አልጮኸም።

ከእሳቸው ቀጥሎ "ፊሽካ" ተሾሙ። ፊሽካው ከአንገታቸው አይወርድም፤ አንዴ ሲነፉ ግቢው ቀጥ ይላል፣ የሚሮጠው ቆሞ፣ የሚያኝከው አፉን ከፍቶ። ከጠረጴዛቸው ጀርባ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ልምጮቻቸው ከቀጭን እስከ ወፍራም ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ወላጆች ይወዷቸው ነበር። ልጁን ጎትቶ አምጥቶ "እባክዎ ይግረፉልኝ" የሚል አባት ሞልቶ ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ እተይባለሁ። ልምጩ ሲጮህ ታይፑን ጠንከር አድርጌ እመታለሁ። ያን ዘመን የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ወረቀታቸው ከጀርባ ቢዳሰስ እንደ ዓይነ ስውራን ጽሑፍ ነው።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ከአገር ልጅ የመጀመሪያው ዳይሬክተር፤ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የመነኮሳት ማኅበር ከላካቸው ሁሉ ወጣቱ መነኩሴ። በመጡ ማግስት የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ጠየቁኝ። ከፊሽካ የባሰ መጣብን እያልኩ ነው የሰጠሁዎ። ልምጮቹን በሙሉ ታቅፈው ወደ ጓሮ ወረዱና ለቲማቲሙ ድጋፍ አድርገው ተከሏቸው። የሒሳብ መምህሩ በመስኮት አይተው "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹ ቲማቲም ይፍሩ!" ያሉት ሳምንት ሙሉ አሳቀን።

ጥፋተኛ ሲመጣልዎ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "እስቲ ቁጭ በል።" የሰበረም፣ የተሳደበም፣ የጠፋም ይመጣል፤ "እስቲ ቁጭ በል።" ስምዎም "ቁጭ በል" ሆኖ ቀረ። ያውቁ እንደሆን አላውቅም፤ እኔ ነግሬዎ አላውቅም።

ያንን ልጅ እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሲኮርጅ ተይዞ፣ መምህራን ተሰብስበው "ይባረር" ሲሉ፣ እርስዎ "ልጁ የኮረጀው ስላልገባው ነው፤ ያልገባው ስላላስገባነው ነው" ብለው ስብሰባውን በተኑት። ከዚያም ከትምህርት በኋላ ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጡት። እርስዎ ከጽሕፈት ቤትዎ እየወጡ ሒሳቡን ያስረዱታል፤ እኔ ዳቦዬን አካፍለዋለሁ። መጀመሪያ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር የሚቀመጠው፤ በኋላ በእኛ ማሾፍ ጀመረ። አንድ ቀን እኔና እርስዎ ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስንከራከር ቀና ብሎ አየንና፣ "እናንተ ስትጣሉ እኮ ልክ እንደ እናቴና እንደ አባቴ ናችሁ" አለ። እርስዎ ሳቁ። እኔ ያላለቀውን ወረቀት ከታይፑ አውጥቼ ሌላ አስገባሁ።

በኋላ ለማኅበሩ አለቆች ወሬ ደረሰ። ውጤት ወረደ ተባለ። ከውጤቱ ሌላ የተባለ ነገር እንደነበረም እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ሆድ ይፍጀው። የዝውውሩ ትእዛዝ ሲመጣ ያነበብኩልዎ እኔ ነኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እርስዎ ግን ምንም የቆጨዎ አይመስሉም ነበር። ቁጭ በል ያሉት ሌላውን፣ ቁጭቱ የተረፈው ለእኔ።

መጻሕፍትዎን ስናሰናዳ "እምቢ ቢሉስ?" ብዬ ጠየቅሁዎ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ደፍሬ አላውቅም። "ቃል ገብቻለሁ እኮ። እኔ ቃሌን ካፈረስኩ ማንን ቁጭ በል እላለሁ?" አሉኝ። ከዚያ የያዝኩትን መጽሐፍ ከእጄ ተቀበሉኝ። አንድ መጽሐፍ ለመቀበል ያን ያህል ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

እርስዎ በሄዱ በዓመቱ ታላቅ ወንድሜ አንድ ሰው ይዞ መጣ። የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ እናቴን "እማማ" እያለ የሚያቅፍ። "ምን ጎደለው?" አለኝ ወንድሜ። "ምንም" አልኩት። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" "ምንም።" በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔ ግን በልቤ፣ አንዱ ቃሉን ሲጠብቅ ሌላው አብሮት ቢጠብቅ ምን ነውር አለው፣ እያልኩ ነበር። ከዚያም ሌላ አልመጣም፤ ዕድሜም እንግዳ አይደለም፣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው።

በእርስዎ ቦታ የተተኩት "ማይክ" ናቸው። ከድጡ ወደ ማጡ። ድምፅ ማጉያ ሳይይዙ "ደህና አደራችሁ" ማለት አይሆንላቸውም ነበር። የመግቢያ ፈተና አመጡ፤ የጫማ ሰፊው ልጅ ከበር ተመለሰ። የአናጢ ክፍሉ የእንግዳ መቀበያ፣ የቲማቲሙ መደብ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ውጤቱ ግን ሰማይ ነካ። ጎበዙን መርጦ አስገብቶ ጎበዝ አወጣሁ ማለት ምን ይከብዳል?

አንድ ቀን በሻይ ሰዓት መምህራን ክፍል ገብተው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ "ሰማችሁ ወይ? ቁጭ በል ልብሱን ጥሎ ከማኅበሩ ወጣ። አግብቷል አሉ፤ ነርስ ናት" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሒሳብ መምህሩ እንኳ፣ ሁልጊዜ ቀልድ የማያጡት፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አዩኝ። እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ የነበረውን ነገር ሁሉም ያውቁት ኖሯል። "እግዚአብሔር ይባርክላቸው" አልኩና ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ። ብርጭቆ ማጠብ ሥራዬ አልነበረም።

ማግባትህን አልጠላሁትም። ሰው ነህ፤ ብቻውን የሚያረጅ ሰው ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ቃል ነው አልከኝ። ቃሉ የእግዚአብሔር ነው ብዬ ነው እኔም የተውኩት፤ ከእሱ ጋር ማን ይፎካከራል? በእሱ መሸነፍ አያሳፍርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ወጣትነቴንም በዚያው አሳለፍኩት። ለካ ያሸነፈኝ እሱ አልነበረም። አንድ ቃል፣ አንድ መስመር፣ "ልወጣ ነው፣ እንዳትጠብቂኝ" ብትለኝ ምን ነበረበት? አድራሻዬን አታጣውም፤ አንድ ቀንም ከዚያው ወንበር ተነሥቼ አላውቅም።

አሁን ሳነበው "አንተ" ማለቴን አየሁ። ስሕተት ያለበት ደብዳቤ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ ቢበላሽ ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ እንጂ። ይሄኛው ግን እንዳለ ይሂድ።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ማይክ ጡረታ ወጡ፤ ማኅበሩም የሚልከው መነኩሴ አጣና፣ ከምእመናን ወገን ዳይሬክተር ተሾመ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ልጅ። ዳቦዬን ያካፈልኩት፣ እርስዎ ሒሳብ ያስረዱት። ሲሾም ዕንባዬ መጣ፤ ከሁለት ሰው ልፋት አንድ ነገር ተረፈ አልኩ። አሁንም "እትዬ" ነው የሚለኝ። ክራቫቱን በየጠዋቱ ያስተካክላል፣ መምህራኑንም ያከብራል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በዚህ ዓመት አንድ ልጅ ሲኮርጅ ተይዞ ወደ ጽሕፈት ቤት መጣ። ልጁ ቁጭ እንኳ አላለም። እንደቆመ ተነገረው፣ እንደቆመ ሄደ። የመባረሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እነሆ የትምህርት ቤቱ ኢዮቤልዩ እየተቃረበ ነው፤ ጳጳሱም ይመጣሉ። የዳይሬክተሮቹን ፎቶ በትልቁ ኮሪደር በተርታ እንድንሰቅል ታዘዘ። ተሰቀለ። ከዚያ አዲሱ ዳይሬክተራችን ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ፣ የእሳቸውን ፎቶ ብናወርደውስ?" አለኝ።

"ለምን?" አልኩት።

"እወዳቸዋለሁ፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ቃላቸውን ያፈረሱ ሰው ናቸው። ጳጳሱ ፊት ምን እላለሁ? ለልጆቹስ ምን ብለን እናስረዳለን?"

"ሲኮርጅ ስለተያዘው ዳይሬክተርስ ለልጆቹ ምን ብለን ልናስረዳ ነው?" አልኩት።

ፊቱ ደም መሰለ። ገብቶ በሩን ዘጋ። አልተደሰትኩም፤ ልጄን በጥፊ የመታሁ ያህል እጄን አቃጠለኝ። ደግሞም ተናድጄ ያልኩት እንጂ ከጥያቄው ግማሹ የእኔም ጥያቄ ነበር። ቃል ስላፈረሰ ሰው እኔ ራሴ ለራሴ ምን ብዬ አስረድቼ አውቃለሁ? ቢሆንም ያንን ለእሱ አልሰጠውም። እርስዎን የምወቅስበት እኔ የራሴ አለኝ፤ እሱ ግን የለውም።

በማግስቱ የጽዳት ሠራተኛው መሰላል ይዞ መጣ። "ተወው፣ እኔ አወርደዋለሁ" አልኩት። "እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ መሰላል?" አለ። መሰላሉን ያዝልኝ ብዬ ወጣሁና አወረድኩት። ቦታው ባዶ እንዳይመስል ሌሎቹን አጠጋጓቸው፤ አሁን ፊሽካና ማይክ ትከሻ ለትከሻ ሆነዋል። ያላወቀ ሲያይ፣ ከፊሽካ በኋላ ማይክ የመጡ ይመስለዋል። በመካከል ልጅ ያልተመታበት ዘመን ነበረ ብሎ የሚነግረው የለም። ግንበኛው ዳር ላይ ሆነው ወደ ሌላ ያያሉ።

ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። መጀመሪያ ወደ ቤቴ ወስጄው ነበር። ጥቂት ቀን ወንበር ላይ አስደግፌ አቆየሁት፤ እራት ስበላ ያየኛል፣ ሬዲዮ ስከፍት ያየኛል። ግድግዳ አላጣሁም፤ ሚስማርም አለኝ። ነገር ግን ከእንግዲህ የሰው ባል ቤቴ መስቀል አይሆንልኝም። ለባለቤትዎ ይስጧቸው። በዚያ ዕድሜዎ እሳቸው አላዩዎትም። እኔ አይቻለሁ።

ለመልስ አይድከሙ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ በዚህ አድራሻ አልገኝም።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ትዳርዎን ይባርክልዎ። አሁን የገቡትን ቃል የሚጠብቁበት ዕድሜ ይስጥዎ።

ጸሐፊዎ የነበረች