ለሙት ዓመትህ የተዘጉት በሮች

ይድረስ ለባሌ ለደምሴ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም። እንደዚያ ብል "አንቺ ሴት፣ ሞቼም አትተዪኝም?" ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አምና በጥቅምት ንዳድ ከእጄ ነጥቆ ከወሰደህ ዓመት ሞላህ፤ ሙት ዓመትህም ወጣ። በዚያ ቀን የሆነውን ለአንተ ሳልነግር መቅረት ሆዴ አልችል ስላለኝ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን አትታዘበው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ነህ፣ በልብስ ጠመኔ ባንኮኒው ላይ እየጻፍክ፤ ደንበኛ ሲመጣ በክንድህ ጥርግ ስለምታደርገው ግማሹን ሳልማረው ቀረ።

ቤቱ ያው ነው። "ፍሬ የለውም፣ ይቆረጥ" ስትለው የነበረው የጓሮው ሎሚ ዘንድሮ አፈራ። የስፌት መኪናህን እኔ ይዤዋለሁ። የሰው ሱሪ አጥሮብኝ ሲወጣ "ነፍሱን ይማረውና ደምሴ ቢኖር" ይሉኛል። እኔም "ደምሴም ያሳጥር ነበር፤ ጨዋታው ስለሚጥም አላስተዋላችሁም" እላቸዋለሁ። ስቀው ይሄዳሉ። ሲሄዱ ግን አለቅሳለሁ።

ስለ ገበያው የምነግርህ ደስ አይልም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ አስፋልቱ ዳር እንደሚቆም፣ ነጋዴውም ሾፌሩን ተከትሎ መውጣት እንደጀመረ አንተም አይተኸዋል። አንተ ከሄድክ በኋላ ባሰበት። እኛ ከውስጥ የቀረነው የአሮጌው ገበያ ሰዎች በር ለበር ተያይተን "ዛሬ ደግሞ ማን ወጣ?" መባባል ሆነ ሥራችን።

ያንተ ማኅበር ባይኖር ያኔውኑ አልቆልን ነበር። አንተና ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ ሾላው ሥር ቁጭ ብላችሁ ስታቋቁሙት አፌን ይዤ ስስቅ ትዝ ይልሃል? "የአሮጌው ገበያ መልሶ ማቅኛ ማኅበር"! ስሙ ከአባላቱ ብዛት ይረዝማል ብዬህ ተቀየምከኝ። ትርፍ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ያለው ደቦ ብቻ። ዛሬ የአንዱ ሱቅ ጣራ ይጠገናል፣ ነገ የሌላው ደጅ ድንጋይ ይነጠፋል። ለአፋሮቹ ግመሎች የውሃ ገንዳ ልሥራ ብለህ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ድንጋይ ስትሸከም ከረምክ። ገንዳው አልቆ ግመሎቹ አስፋልቱን ትተው ወደ እኛ ሲዞሩ ሳይ ነው "ለካ ይሄ ሰውዬ እብድ አይደለም" ያልኩት። ልነግርህ ስል ንዳዱ ቀደመኝ።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌው ገበያ ሞቷል አለ። ቤቶቹ ፈርሰው የጭነት መኪና ማቆሚያ ይሁኑ ተባለ። ማኅበሩ አቤት ሲል ከአውራጃው መሐንዲስ መጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ ይወስን አሉ። ነገሩ ይኸው ነበር፦ ሱቁ ተከፍቶ ሰው ሲገበያይ ካየ እንተርፋለን፤ ዝግ በር ከበዛበት እንፈርሳለን። የሚመጣውም ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው ተባልን። ሐጂ ሰዒድና በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ዘነበች ከቤት ቤት እየዞሩ በር አስጠገኑ፣ ግድግዳ ኖራ አስቀቡ። አስፋልቱ ዳር የወጡትን ሳይቀር ለምነው የመለሷቸው አሉ።

ሙት ዓመትህ ከሚካኤል ስለሚቀድም ማንም አላሰበበትም። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው "ለደምሴማ እስከ ቀትር በር አይከፈትም፤ ለእሱ ያልተደረገ ለማን ይደረጋል!" ብለው ቃል ተገባቡ። መጥተው ሲነግሩኝ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ተነሥቼ መረቅኳቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዳስ ውስጥ ተቀምጠናል። ካህናቱ ማዕዱን ባርከው ሰው መብላት ጀምሯል፤ ሐጂ ሰዒድና እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን የራሳቸው በግ ታርዶላቸው በወዲያኛው በኩል ተቀምጠዋል። ውሃ ሊያስቀዱ የወጡት እትዬ ዘነበች ፊታቸው አመድ መስሎ ተመለሱ። "መሐንዲሱ መጣ" አሉኝ በጆሮዬ። ወደ ደሴ ሲያልፍ መንገዴን ላቃልል ብሎ ነው አሉ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከጎኑ ሆኖ ከላይኛው ጫፍ እየወረዱ ነው። ከዳር እስከ ዳር በሩ ሁሉ ዝግ። ሹሙ በጣቱ ያሳያል፣ መሐንዲሱ ይጽፋል።

ወሬው ዳሱን ባንዴ አዳረሰው። የጎረሰ ሳያላምጥ ቀረ። የሚነሣ ግን ጠፋ። ሐጂ ሰዒድ ከዘራቸውን ጨብጠው "ለሟች የተገባ ቃል ነው፤ ወላሂ ቀድሜ አልከፍትም" አሉ። የቀረውም ሰው እኔን እኔን ያያል። ገባኝ። የዘጉት ለአንተ ነው፤ ከቃላቸው የምፈታቸው ደግሞ ባለ ኀዘኗ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የተናደድኩብህን ያህል በሕይወትህም ተናድጄብህ አላውቅም። ዕድሜህን ሙሉ በር ለማስከፈት ስትለፋ ኖረህ፣ ሞተህ ልታዘጋው ነው? ከሌን አላወለቅሁም፣ ማዕዱ አልተነሣም። በባሏ ተዝካር ቀን ሱቅ የከፈተች ሴት በአገራችን ምን እንደምትባል ታውቃለህ። ባልነሣ ግን የሚፈርሰው ያንተው ድካም ነው።

ብድግ አልኩ። "ኧረ ነውር ነው! ምን ነካት?" ስትል አንዲት አሮጊት ሰማሁ። አንገቴ ላይ ያሰርኩትን ቁልፍ እየፈታሁ በሱቁ ደጅ ዞርኩ። ያ መከረኛ በር፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀባው እያልኩህ ነገ፣ ነገ ስትል የኖርክበት፣ ሰፈሩን የሚያስደነብር ጩኸት ጮኸ። ስንፍናህን የመረቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የስፌት መኪናውን ጎትቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የሚሰፋ ጨርቅ አጠገቤ አልነበረም። የከል ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና መርፌው ሥር አስገብቼ መርገጥ ጀመርኩ። ምን እንደምሰፋ አላውቅም፤ ብቻ እረግጣለሁ።

ብዙ አልቆየም፣ "ባለ ኀዘኗ ከፈተች፣ ቢስሚላህ!" ሲሉ ሐጂ ሰዒድን ሰማሁ። በራቸው ተበረገደ። ቀጥሎ የእትዬ ዘነበች። ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ሰው እጁን ሳይታጠብ ከዳስ እየሮጠ በሩን ይከፍታል።

መሐንዲሱ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ልጅ እግር ነው፤ ቆላውን ስላልለመደው ላቡ ኮሌታውን አርሶታል። "ቅድም ዝግ ነበር፤ እኔን ስታዩ ነው የከፈታችሁት?" አለ። ሹሙ በጎን ፈገግ አለ። መዋሸት አልሆነልኝም።

"አዎ" አልኩት። "ዛሬ የባሌ ሙት ዓመት ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሹመት የለው፣ ሀብት የለው። ለአንድ ልብስ ሰፊ ብሎ እስላም ክርስቲያኑ በሩን የሚዘጋበት ሰፈር አስፋልቱ ዳር ካለ ያሳዩኝና ይሄንን ያፍርሱት።"

ይህን ስለው መርገጡን አላቆምኩም፤ ባቆም የምወድቅ መሰለኝ። መሐንዲሱ ወደ ገንዳው ወርዶ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰ፣ ማን እንደሠራው ጠየቀ። ሐጂ ሰዒድ በከዘራቸው ወደ እኔ ደጃፍ አመለከቱት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ ደሴ ሄደ።

ደምሴ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጥበቃ ለጠላቴም አልመኘው። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አፍራሾቹ የመጡ እየመሰለኝ መርፌ ጣቴን ስንት ጊዜ ወጋኝ። ትናንት ሹሙ ራሱ መጣ፣ ሎሚ የመጠጠ ይመስል ፊቱን አኮማትሮ። የመኪና ማቆሚያው ከአስፋልቱ ማዶ ይሁን፣ አሮጌው ገበያ ባለበት ይቆይ፣ ለከርሞ ደግሞ ይታይ ተብሏል። ደግሞ ይታይ! እንግዲህ አልዳንም፤ ፋታ ነው ያገኘነው። ሐጂ ሰዒድ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሾላው ሥር ቁጭ አሉ። አንተ የምትቀመጥበትን ድንጋይ ባዶውን ትተው ከጎኑ ነው የተቀመጡት። እኔም አላስችል ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

ከሌን አውልቄያለሁ። ያ ነጠላ ተጨማዶ ተሰፍቶ ለምንም አይሆን፤ ሳጥኑ ውስጥ ካንተ ኮት ጋር አስቀመጥኩት። ማኅበርተኞቹ ደግሞ የከርሞውን መታሰቢያህን እንዴት እናድርገው ብለው ሲጠይቁኝ ቁርጡን ነገርኳቸው። ያን ቀን በር አይዘጋም። ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ የእኔ በር ይከፈታል፤ ሌላው ይከተላል፤ ጠበል ጸዲቁም በየሱቁ ደጅ ይዞራል። ቅር ያለው የለም።

ሌላዋ ባሏን ቤቷን ዘግታ ታስብ። እኔ እስክመጣ ድረስ አንተን የማስብህ በር ከፍቼ ነው። ማጠፊያውንም ዘይት አልቀባውም። ጠዋት ጠዋት ይጩህ፤ ሰፈሩም ደምሴ ተነሣ ይበል።

ሚስትህ አስካለ