ትንፋሽ የሌለው ትራምፔት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ማሽኑ ዛሬም ብርዱን ሰበብ አድርጎ አኮረፈ። አንዱን ቁልፍ ስነካው ሌላው ይጮኻል። ግድ የለም፣ ተዋውቀናል... ይሞቃል፣ ይለግማል፣ ከዚያ ይዘፍናል። የሬዲዮ ጣቢያችን ሙዚቃ ክፍል የሚያውቀኝ በአኮርዲዮን ነው፤ ይህን የየመሣሪያውን ድምፅ የሚያስመስል የኤሌክትሪክ ኪቦርድ፣ ሲንተሳይዘሩን፣ የምነካው ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ብቻ።

አለቃ በበሩ ብቅ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ድስት እየፋቅሽ ነው?»
«ገና እየሞቀ ነው፣ አለቃ።»
«ነፍስ የሌለው ነገር ቢሞቅ ምን ይፈይዳል? በወሩ መጨረሻ መጋዘን ይወርዳል።»

መጋዘን? እዚያ እኮ አይጥ አለ። አይጥ ደግሞ ሽቦ ይወዳል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ጉንጮ ቀረ። ትራምፔት ነፊያችን ነው፤ ሲነፋ ጉንጩ ኳስ ያክላል። ጥርሱን ተነቅሎ ፊቱ አብጧል አሉ። እሱ ፊት ላይ እብጠት እንዴት እንደታወቀ እንጃ!

የዜናው መግቢያ ሙዚቃ ግን ለነገ መድረስ አለበት። ከበሮውና ቫዮሊኑ ተቀርጿል፤ የቀረው ትራምፔቱ ነው። የቀረጻ ቴክኒሻኑን አየሁት። አየኝ።
«እንዳታስቢው» አለ።
«አስቤዋለሁ» አልኩት።

ትራምፔቱን በማሽኑ ተጫወትኩት፤ ተቀረጸ። እንዴት ያለ ትራምፔት ወጣው መሰላችሁ! ማንን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ደስ ብሎኝ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
አለቃ ቴፑን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሲመሰጥ ሁሌ ይጨፍናል። «ይሄ ነው ሰው! ነፍስ አለው! ያ ማሽንሽ ይህን ይችላል?»

«እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ጉንጮ ገባ፣ ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ። አለቃ አገላብጦ ሳመው። «ትናንት በዚህ ፊትህ መጥተህ ነፋህ?» ጉንጮ እኔን አየ። ቴፑን አየ።
«ምን ይደረግ... ሥራ አይደል?» አለ።

አፈር ብላ! ተንኮሉ የእኔ፣ ጭብጨባው የእሱ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ሙዚቃው በሸክላ ሊታተም ነው። የጉንጮ ስም በትልቁ። የእኔ? ጥግ ላይ፣ «አኮርዲዮን» ተብሎ። አኮርዲዮን እኮ ጭራሽ የለበትም!

ብናገር አለቃ ሸክላውን ያስቀረዋል። ዝም ብል የመጀመሪያ ቀረጻዬ የሰው ሆኖ ይቀራል፣ ማሽኑም ለአይጥ። እማዬን አማከርኳት። «ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለች። እውነቷን ነው... እኔ ግን መች ዝንብ ፈራሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ጉንጮ በምሳ ሰዓት መጣ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።
«ስሚ... ቴፑን ደጋግሜ ሰማሁት። ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?»
«የቱ ሰውዬ?»
«እኔ ነኛ!»

ጉድ! ለካ ረስቼዋለሁ። ጣት መች ይተነፍሳል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየር የሚወሰድበት ቦታ የለውም። ቤቱ ሊሞክረው ብሎ ተዝለፍልፎ ሚስቱ ውሃ ረጨችበት። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። አለቃ እንግዶች ጠርቷል፤ በሚመጣው ሐሙስ መድረክ ላይ ሊያስነፋው።

«አንቺ ከመጋረጃ ጀርባ ተጫወቺው። እኔ ጉንጬን እነፋለሁ።»
«ስሜስ፣ ጋሼ?»
«እሱን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

እንነጋገራለን! ላም አለኝ በሰማይ። እሺ አልኩት። ግን እሱ ሲጨርስ እኔ አልጨርስም። ትራምፔቱን ያወርዳል... ድምፁ ይቀጥላል... ጉድህ ይፈላል፣ ጉንጮ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
ተለማመድን። የሚያምር ውሸት ነው። ነገ ይለይልናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ጉንጮን በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ሚስቱንና ልጁን ከፊት ወንበር አስቀምጧቸዋል። ልጅቷ እጇን ታውለበልብለታለች። የእሱ አንገት በላብ ርሷል። አንጀቴን በላው! ዜማው መሃል ላይ ጣቴን አነሳሁለት፣ ሰው አየር የሚስብበትን ያህል። ሳበ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩለት። ሊያጋልጥ የመጣ ሰው አዛኝ ሆኖ አረፈው!

ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ። ከዚያ ትራምፔቱን አወረደ። መሀረብ አወጣና ግንባሩን ጠረገ። ሙዚቃው ይቀጥላል። ላቁም እንዴ?
«ቀጥይ!» አለ ጮክ ብሎ።

ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። አለቃ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ «ነፍስ! ነፍስ!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ እንግዳ በክርኑ እስኪጎሽመው ድረስ።

ጉንጮ መጋረጃውን ገለጠው። «ያኔም ዛሬም የተጫወተችው እሷ ናት። እኔ ያን ቀን ጥርሴን ነው ያስነቀልኩት» አለ።

በኋላ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅኩት። «በሰው ትንፋሽ እስከ መቼ ይኖራል?» አለኝ። አለቀስኩ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
አለቃ ጠዋት አኮረፈኝ። ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ስልክ እየደወሉ አመሰገኑት። ማታ ላይ «ማሽኑን ያስገዛሁት እኮ እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ይበል። የመጋዘኑን ነገር ያነሳ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16
ሸክላው ወጣ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤት ስሄድ ለእማዬ ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ሬዲዮው ዜና ሊጀምር ነው፤ የእኔው ሙዚቃ መጣ። ባለሱቁ ባንኮኒውን በጣቱ እየመታ «ይሄ ትራምፔት ነፊ እጁ ይባረክ!» አለ።

ድሮ ቢሆን ሳሙናዬን ይዤ ውልቅ ነበር።
«እኔ ነኝ» አልኩት።
ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺ? ሂጂ ወዲያ!»

ጋዜጣውን ቀደድኩና ሸክላውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ እየተከተለ ስሜን አነበበ። ከጎኑ ያለው ቃል ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። «ሲን... ሲንተ... ምንድን ነው ይሄ?»

«ሲንተሳይዘር! የተጫወትኩት እኔ ነኝ!» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ይዩኝ!