ለአስረስ ያልተነፋው ጥሩምባ

የካቲት 6፣ 1970፣ ሰኞ

ለመጽሔቱ የሠርግ ወሬ ጽፌ ሰጠሁ። ሙሽራዋ ከሚዜዋ ጋር ተኳርፋ... አንባቢዎቼ እንዲህ ያለ ይወዳሉ። ስመለስ የአስረስ መስኮት እንደተዘጋ ነው። በዚህ ሰዓት ትራምፔቱን ይለማመድ ነበር። ከታሰረ ወዲህ ሰፈሩ ጭር ብሏል።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ሚስቱ ወርቅዬ ስንቅ ይዛለት ሄደች። “ልብሱን ውሰጂ” አሏት። በቃ። ሌላ ምን ይነገራታል?

ከሰዓት የቀበሌው ሰው ቤቷ መጣ። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም ብሏት ሄደ።

የካቲት 10፣ ዓርብ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ሮበሌ ጥሩምባውን ታቅፎ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት በማለዳ እየዞረ የሚነፋው፣ የሟቹን ስም የሚጠራው እሱ ነው። ለአስረስ ግን ተከለከለ።

ሲተራረቡ ትዝ አለኝ። አስረስ፣ “እኔ ጃዝ ስጫወት አንድ ሰካራም አይነሳልኝም፤ አንተ ሰፈሩን በሙሉ ታስነሳለህ” ይለዋል። ጋሽ ሮበሌ፣ “ያንተን ሰምቶ የቀረ መቀጫ አይከፍልማ።” ያ ሁሉ ሳቅ...

የካቲት 13፣ ሰኞ

ያቺ አስረስ ሆቴሉ ውስጥ የተጫወተባት ምሽት ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ጨዋታው መሐል ላይ ባንዱን በእጁ አስቆመ። የታሰሩትን የሆቴሉን ሠራተኞች ማኅበር ሰዎች፣ ሙዚቀኛውንም አስተናጋጁንም፣ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። ከዚያ ትራምፔቱን አንስቶ ካቆመበት ቀጠለ። ካቆመበት... ምን ዓይነት ልብ ነው?

በሳምንቱ ወሰዱት። አሁን የእሱን ስም ማን ይጥራ? እኔ? ወሬ የማያመልጠኝ ሴትዮ? ይህችን ግን የምጽፋት እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ብቻ ነው።

የካቲት 19፣ እሑድ

ጎረቤታችንን እማማ በቀለችን ልጠይቅ ገባሁ። ከእንግዲህ የሚነሱ አይመስለኝም። ወርቅዬ ውሃ ታጠጣቸዋለች። እስካሁን እንባ አልወጣትም፤ ፊቷ ደርቋል። እጇን ያዙና፣

“አይዞሽ ልጄ። ለእኔ ማልቀስን የሚከለክል የለም። በእኔ ታለቅሺለታለሽ።”

“ኧረ እማማ፣ ይኑሩልኝ።”

“ምን እኖራለሁ፣ ቶሎ ልሂድልሽ እንጂ” ብለው ሳቁ። ጋሽ ሮበሌንም አስጠርተው መክረዋል አሉ።

ሰው ሞቱን ያውሳል? እኚህ አዋሱ።

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ

ማለዳ ጥሩምባው ተነፋ። እማማ በቀለች አርፈዋል። ጋሽ ሮበሌ እንደ ወትሮው ረጅሙን ነፍቶ ስማቸውን ጠራ። ከዚያ... አስረስ ሁልጊዜ ጨዋታውን የሚዘጋባትን፣ ያቺን ቀስ እያለች የምትወርድ ዜማ ነፋት። በዚያ በተጣመመ የእድር ጥሩምባ። ቆሜ ቀረሁ።

ሰፈሩ ገባው። ሐሚዳ ሱቋን ዘግታ መጣች። ወሬው ደርሷቸው ከላፍቶ ገበሬዎች፣ ከሆቴሉ አስተናጋጆቹ... ድንኳኑ አልበቃም። ወርቅዬ “እማማዬ” ብላ ጀመረች፤ ትንሽ ቆይቶ “አስረሴ” አመለጣት። ይኼኔ ለቀስተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ስሙን ሸፈነላት። እኔም አብሬ።

የአብዮት ጥበቃው ግራ ገባው። “ለአንዲት አሮጊት ይህ ሁሉ ሰው?”

ጋሽ ሮበሌ፣ “ዘመዳቸው ብዙ ነው።”

መጋቢት 16፣ ቅዳሜ

የአስረስ መስኮት ተከፍቷል።

ወርቅዬ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ገበያ ወጣች። አብሬያት ነበርኩ። የቀበሌው ሰው አስቆማት። ጥቁሩ ለማን ነው?

“ለእማማ በቀለች።”

“ምንሽ ናቸው?”

ቀና ብላ አየችው። “ባለውለታዬ።”

መንገዱን ለቀቀላት።