የኤንስሊው ዲያቆን እና የምሥራቁ ሊግ፦ የአቶ ሮስኮ ቲልማን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሮስኮ ቲልማን ከአባታቸው ከአቶ ኤላይጃ ቲልማን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኮርዲሊያ ሜይ፣ በአላባማ ግዛት በዴሞፖሊስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1947 ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው እሳቸው ሲሆኑ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኅታቸው ኦራ ሊ ነኝ። ከአምስታችን ዛሬ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ መጻፉ ለእኔ ደረሰኝ። የሌሎቹንም ታሪክ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ነገር ግን ሌላ ሰው ቢጽፈው ከላይ እስከ ታች ስለ ኳስ ብቻ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

አቶ ሮስኮ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በዴሞፖሊስ አጠናቀው በ1965 ሎውሪ ኮሌጅ ገቡ። ጉልበታቸው በእጅ እየወረወሩ ለሚጫወቱት ለእኛ ኳስ አልሆነም እንጂ ትንፋሻቸው ግን ለኮሌጁ ማርሽ ባንድ ትልቁ ጥሩምባ የሚበቃ ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ሎውሪ ከብራንሰን ኮሌጅ ጋር ሲገጥም፣ ያንን ጥሩምባ ተሸክመው በርሚንግሃም ስታዲየም ገቡ። ከዚያ ወዲህ በወታደርነት ባሕር ማዶ ካሳለፏቸው ሁለት ዓመታት በስተቀር ከዚህ ጨዋታ ቀርተው አያውቁም ነበር። እኛ ቀኑን ‘ትልቁ ቅዳሜ’ እንለዋለን። በምንኖርበት በበርሚንግሃሙ ኤንስሊ ሰፈር በትልቁ ቅዳሜ የሚያገባ የለም፤ የሚሞትም ቢሆን እስከ ሰኞ ይታገሣል ይባላል።

በ1971 ከውትድርና ተመልሰው በበርሚንግሃም በአንድ የብረት ቧንቧ ፋብሪካ ተቀጠሩ። የቀለጠ ብረት ከማፍሰስ ጀምረው እስከ ፈረቃ ኃላፊነት ደርሰው፣ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አገልግለው በ2009 በጡረታ ተሰናበቱ። በ1973፣ ኳስ በማይኖርበት በጁን ወር፣ ወ/ሮ ጄኔቫ ፖልክን አግብተው በ1978 አንዲት ልጃቸውን ዳኒታን ወለዱ። ከ1984 ጀምሮ ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንባት የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበሩ። ወ/ሮ ጄኔቫ በ1999 ሲያርፉ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሱም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቡናቸውን ለሁለት ሰው የሚበቃ እያፈሉ ግማሹን ይደፉት ነበር። እኔም ባሌ ሞቶብኝ ስለነበር በ2001 ጓዜን ጠቅልዬ ከእሳቸው ጋር መኖር ጀመርኩ።

ያኔ ነው የወንድሜ የሬዲዮ ነገር የገባኝ። በከተማችን ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ የኳስ ክርክር አለ፤ ሰው እየደወለ ይከራከራል። ወንድሜ ‘ዲያቆኑ ከኤንስሊ’ በሚል ስም ይደውሉ ነበር። የክርክሩ ጉዳይ ምንጊዜም አንድ ነው፦ ሎውሪም ብራንሰንም ያሉበት የእኛ የደቡቡ ሊግ ይበልጣል ወይስ የካሮላይናና የቨርጂኒያ ኮሌጆች ያሉበት የምሥራቁ ሊግ? የእኛ ቡድኖች እርስ በርስ ሲሸናነፉ ወንድሜ ‘ይህ የጥንካሬ ምልክት ነው፤ ደካማ የለንም’ ይላሉ። የምሥራቆቹ እርስ በርስ ሲሸናነፉ ደግሞ ‘አያችሁ፣ ጠንካራ የላቸውም’ ይላሉ። ይህን እኔ ድስቴን እያማሰልኩ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሰማሁት። ዛሬም ቅዳሜ ነው፣ ሎውሪም ይጫወታል። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ ወንድሞች ጆሮአችሁ ላይ የሰካችሁትን እስክጨርስ ድረስ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

የውጭ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ወንድሜ ብራንሰንን ዓመቱን ሙሉ ሲሰድቡ ይኖራሉ። ነገር ግን ብራንሰን ሊጋችንን አሸንፎ በዲሴምበር አትላንታ ላይ የምሥራቁን አሸናፊ የገጠመ እንደሆነ፣ የብራንሰንን ቀይ ኮፍያ ደፍተው፣ ከጎረቤታቸው ከብራንሰኑ ደጋፊ ከአቶ ሌስተር ፑል ጋር አንድ መኪና ተሳፍረው ይሄዳሉ። በ2005ም እንዲሁ ሄዱ። ለብራንሰን ጮኸው ጮኸው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ተመለሱ። ምነው ቢሏቸው እቤት ውስጥ መጣላት ሌላ፣ በባዳ ፊት ሌላ ነው ብለው መለሱ።

ዳኒታ በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ነርስነት ተምራ እዚያው ቀረች። የምታገባው ከርቲስ ቤንቦ የሚባል መምህር፣ ያደገውም የተማረውም በምሥራቁ ሊግ አገር መሆኑን ስትነግራቸው ወንድሜ ቀልደው አለፉት። ሠርጉ በኦክቶበር 28 ቀን 2006 መሆኑን ስትነግራቸው ግን አልቀለዱም። ቀኑ ትልቁ ቅዳሜ ነበር። ዳኒታ አዳራሹ የተገኘው በዚያ ቀን ብቻ መሆኑን አስረዳቻቸው። ወንድሜ የምሥራቆች ተንኮል ነው አሉ። ልጂቱም፣ ጨዋታው በየዓመቱ አለ፣ እኔ የማገባው አንድ ጊዜ ነው አለቻቸው። እኔ በበኩሌ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ መጋቢውን ላክሁባቸው። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፦

«ለምትጠላው ብራንሰን ብለህ አትላንታ ድረስ ሄደሃል። ለልጅህ ሲሆን ነው ግሪንስቦሮ የራቀህ?»

በጨዋታው ቀን ስታዲየሙ ደጅ በሚተከለው የሎውሪ ተመራቂዎች ድንኳን ውስጥ የጎድን ጥብሱን የሚጠብሱት እሳቸው እንደሆኑ፣ ቃል እንደ ገቡም ነገሩኝ። ሙሽራዋን እጇን ይዤ ወደ መሠዊያው ያደረስኳት እኔ ነኝ። ሎውሪ በዚያ ቀን 27 ለ 3 ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። እሷ አባቴ ይደውል አለች፤ እሳቸው አባት አይለምንም አሉ። ወንድሜ ‘ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት’ የሚለውን ተረት ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ ለሌላው ሲተርቱ ስሰማ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ደግ ሰው ነበሩ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፣ ክረምት ላይ የባልቴቶችን ማሞቂያ እየዞሩ ይጠግናሉ። ግትር መሆናቸውን ግን የቀብር ታሪክ ነው ብዬ አልደብቅም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በ2011 መኸር፣ በአንድ ሐሙስ፣ ወንድሜ እንደ ልማዳቸው መስመር ላይ ሆነው የምሥራቁን ሊግ ሲያብጠለጥሉ አዘጋጁ ሌላ ደዋይ አስገባ። ከግሪንስቦሮ ነው የምደውለው፣ በኢንተርኔት እሰማችኋለሁ፣ ስሜ ቤንቦ ነው አለ። እኔ ማማሰያዬን አስቀመጥኩ። ከርቲስ ትሑት ነው፣ ግን መከራከር ያውቃል። እርስ በርሱ ስለተሸናነፈ ብቻ ሊግ ጠንካራ አይባልም፣ አንካሶችም እርስ በርስ ይቀዳደማሉ አላቸው። ቀጠለና፦

«ዲያቆን፣ የእናንተን መከላከያ እኮ የኔ ልጅ ይሰነጥቀዋል። ገና ሦስት ዓመቱ ነው።»

ወንድሜ የልጅ ልጅ እንዳላቸው ያወቁት እንደዚህ ነው። እኔ ከተወለደ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ዳኒታ፣ እኔ ካልነገርኩት አንቺ እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር። አዘጋጁ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ዲያቆን፣ አሉ?» አለ።

«አለሁ» አሉ። «ልጁ በየትኛው እጁ ነው የሚወረውረው?»

«በግራው።»

«እናቴ ግራኝ ነበረች» አሉ ወንድሜ። ከዚያም፣ «ሊጋችሁ ግን አሁንም ደካማ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኳስ ወራት ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ሆነ። ፀጉር ቤቱ፣ ፋብሪካው፣ ሰፈሩ ሁሉ ‘ዲያቆኑና ቤንቦ’ ብሎ ሬዲዮ ይከፍታል። ሰው የሚሰማው ክርክር ነው። ከርቲስ በመሐል፣ ባለቤቴ ሹመት አግኝታለች፣ እሷ እንኳ ከእናንተ አሠልጣኝ በተሻለ ሰው ታዛለች ይላል፤ ወንድሜ ሊጋችሁ ነርስ እንጂ አሠልጣኝ የለውም ብለው ይመልሳሉ፣ ስልኩን ዘግተው ግን ሹመቱን ለእኔ ደግመው ደጋግመው ይነግሩኛል። ልጁ ሲላስ ትምህርት ቤት መግባቱን፣ እጁ ተሰብሮ መዳኑን፣ ቤት መግዛታቸውን ሁሉ በዚሁ መንገድ ሰማን። ዳኒታ ታውቅ እንደሆነ ከርቲስን በስልክ ጠይቄው ነበር። ሳህን እያጠበች ትሰማለች፣ አጥፋው ብላኝ ግን አታውቅም አለኝ። ያኔ እኔም እሷም፣ ሁለታችንም፣ የየቤታችን ኩሽና ውስጥ ቆመን የሁለት ወንዶች ወሬ ስንሰማ መኖራችን ታወቀኝና ድካሙ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

በ2017 ወንድሜ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች የቻሉትን አደረጉ፤ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ደረጃ መውጣት ተዉ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ጊዜው አጭር መሆኑን ነገራቸው። የዳኒታን ቁጥር ደውዬ ስልኩን ዘረጋሁላቸው፤ እጃቸውን አልዘረጉም። በሴፕቴምበር፣ ሐሙስ ቀን፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ለሬዲዮው ደወሉ። ከርቲስ እንደ ወትሮው ጀመረ። ወንድሜ አስቆሙትና የምሥራቁ ሊግ ይበልጣል አሉ። ሁልጊዜም ይበልጥ ነበር፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አሉ። ከዚያም ዘጉ።

ኤንስሊ ታመሰች። አቶ ሌስተር ፑል ካልሲያቸውን ሳያደርጉ መጥተው፣ «ሮስኮ፣ መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያናገረህ?» ብለው ጠየቁ። ከፀጉር ቤቱ ሽማግሌ ተላከ፣ ቃላቸውን እንዲያነሡ። እሳቸው ግን ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ስልክ ይጠብቁ ነበር። ስልኩ በማግስቱ ተደወለ፤ የተደወለው ግን ለእኔ ነው።

«አክስቴ» አለች ዳኒታ፣ «እኔ ከአባዬ ጋር በሊግ ተጣልቼ አላውቅም። ስለ ሊግ ይቅርታ የጠየቀው ማንን ነው?»

ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሳላለሳልስ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። አዝኜላቸዋለሁ፤ ግን ልጂቱ ትክክል ነበረች። በኦክቶበር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ጠሩኝና መኪናዬ ግሪንስቦሮ ድረስ የሚያደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። መኪናው ያደርሳል፣ እኔ እንጃ አልኳቸው። ዓርብ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ከኋላ ወንበር አስረን ተነሣን፤ ቀኑን ሙሉ ነዳሁ፤ መንገድ ላይ አደርን። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የዳኒታ በር ላይ ቆምን። ትልቁ ቅዳሜ ነበር፤ በርሚንግሃም ላይ ጨዋታው ሊጀመር ነው። ስለ ጨዋታው አንድም ቃል አልተናገሩም።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ወንድሜ ደረጃው ላይ ሆነው ትንፋሻቸውን ለረጅም ጊዜ ሰበሰቡ።

«ሙሽራ ሆነሽ አላየሁሽም» አሉ። «መምጣት እችል ነበር። አልመጣሁም። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ።»

ዳኒታ በሩን እንደያዘች ነበረች።

«እስከ መጨረሻው በሩን እያየሁ ነበር፣ አባዬ» አለች። «ቃል ኪዳን ስገባ እንኳ ባሌን አላየሁትም፤ በሩን ነበር የማየው።»

ወንድሜ አለቀሱ። ያኔ ነው ሰው ፊት ሲያለቅሱ ያየኋቸው። እሷ አላቀፈቻቸውም። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ አስገባቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው፣ የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከለችላቸው፣ ምሳ አቀረበች። ሲላስ ጓሮ ወጥቶ በግራ እጁ ኳስ ሲወረውር ወንድሜ በመስኮት እያዩት ዋሉ። እሑድ ስንለያይ ለገና እመጣለሁ ብላ ቃል ሰጠቻቸው።

ገና አልደረሰም። አቶ ሮስኮ ቲልማን በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዓርብ ኖቬምበር 9 ቀን 2018 ከቀትር በፊት ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ። ጠዋት ሲብስባቸው ለዳኒታ ደውዬላት ነበር፤ እሳቸው ሲያርፉ እሷ በመንገድ ላይ የጆርጂያን ግዛት ገና አላለፈችም ነበር።

አቶ ሮስኮ እኅታቸውን ኦራ ሊን፣ አማቻቸውን ከርቲስ ቤንቦን፣ የልጅ ልጃቸውን ሲላስን፣ ጎረቤታቸውንና ተከራካሪያቸውን አቶ ሌስተር ፑልን፣ እንዲሁም በአካል የማያውቋቸውን የሬዲዮ አድማጮች ትተው አልፈዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንዲት ልጃቸውን ዳኒታን። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ስለ እሷ ምን ልበል ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ይቅር ብላዋለች ብለሽ አትጻፊ» አለችኝ። «ገና ነኝ፤ ጊዜ አልሰጠኝም። መጥታለች ብለሽ ጻፊ።» እንዳለችኝ ጽፌያለሁ። ልጃቸው መጥታለች፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ ክርክር በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን። የቀረነውንም ጥቂት ያሳርፈን። አሜን።