ለስኳር አንድ እባብ

ሰኞ

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቢጠይቁኝ እክዳለሁ፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ትናንት ከታቦር ተራራ ሥር የቀበሌ ሊቀመንበራችንን ጥጃ እፉኝት ነድፋ ገደለችበት። ዛሬ በጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ባለፈው ወር ሁለት ሰው ሲነደፍ ስብሰባ የሚባል አልነበረም። ቁጥቋጦው ይመንጠር፣ ዘመቻ ይውጣ፣ ሲባል ሲባል ስድስት ሰዓት ሆነ። ቃለ ጉባዔ መያዙ ሰልችቶኝ፣ ርቦኝም ነበር፣ "እባብ ያላመጣ ስኳር አይወስድም በሏቸው፣ ራሳቸው ይጨርሱታል" አልኩ። ቀልዴን ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። "ጻፊው" አለኝ።

ጻፍኩት። እስከ ዓርብ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መርዘኛ እባብ ገድሎ ቀበሌ ያቀርባል። ላቀረበ የራሽን ካርዱ ላይ ማኅተም ይመታለታል። ማኅተሙ ያለው የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። የራሴን ካርድ ወዲያው መታሁ፣ የእባብ ጭራ ሳላይ።

ማክሰኞ

ሰው ዱላና ገጀራ ይዞ ዳገቱን ሲያስስ ዋለ። የሚመጣው እባብ በየዓይነቱ ነው፣ ጭንቅላቱ የተጨፈለቀ፣ ለሁለት የተቆረጠ። አንዱማ ገና ይንቀሳቀሳል። ቢሮው ይሸታል፣ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

የኅብረት ሱቁ ዘበኛ አቶ ላሚሶ ፈራጅ ሆነዋል። ሲዳማ ናቸው፣ እዚሁ ተራራ ሥር ነው ያረጁት፣ እባብ ያውቃሉ። በእንጨት ገልበጥ አድርገው "ይነድፋል" ወይም "አይነድፍም" ይላሉ፣ እኔ እመታለሁ ወይም እመልሳለሁ። ሰልፉ ሲያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ለስኳር ብሎ እጁን ጉድጓድ መክተቱ አይቀርም፣ ሳይብስ ቢቀር ይሻላል አሉኝ። ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ለሊቀመንበሩ ይንገሩት።

ረቡዕ

ዳመነች መጣች። ከአጥሬ ጀርባ ያለችው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሐይቅ ዳር ለዓሣ አጥማጆች ሻይ እየሸጠች ልጇን የምታሳድገው። ዶሮዎቿ ጎመኔን ግንዱን ብቻ አስቀርተውታል። ስንቴ ነገርኳት!

በላስቲክ ጠቅልላ ቀጭን አረንጓዴ እባብ አወጣች። አቶ ላሚሶ አይተው ዝም አሉ። ሊያሳልፋት የሚችል ዝምታ ነበር። እኔ ነኝ ያላሳለፍኳት። "መርዘኛ ነው የተባለው" አልኳት። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

"እትዬ ዘነበች፣ ያለ ስኳር ምን ሻይ እሸጣለሁ?" አለችኝ።

"ዶሮዎችሽን ጠይቂያቸው።"

እባቧን መልሳ ጠቅልላ ሄደች። በጠዋት የሊቀመንበሩ ሚስት እህት ያንኑ አረንጓዴ ዓይነት ልካ መትቼላታለሁ። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ዳመነችን ስመልሳት ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ

ዳመነች ተነደፈች።

ዳገቱ ላይ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር እፉኝት ስትገባ አይታ ነው አሉ። ዱላው አልደርስ ሲላት እጇን ሰደደች። ቀኝ እጇን፣ ሻይ የምትቀዳበትን። በጋሪ ወደ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጋሪው በቢሯችን በር ሲያልፍ ልጇ ከኋላ እየሮጠች ትጮኻለች። ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ባለ ተራ ጠራሁ።

አቶ ላሚሶ እንጨቱን ጥለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ የመጣውን እባብ ሁሉ ሳላይ መታሁ።

ዓርብ

ሊቀመንበሩ ሪፖርት አስጻፈኝ። ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት አካባቢውን ከመርዘኛ እባብ አጸዳ ይላል። የዳመነችን ነገር ላንሳ ብል፣ "እሷ እኮ አላቀረበችም" አለ። አላነሳሁም።

ስወጣ ዳቦ ገዝቼ ቡሹሎ ሄድኩ። እጇ እስከ ትከሻዋ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ጣቶቿ ጠቁረዋል። አውራ ጣቷ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም፣ ሰኞ ይታያል ተባልኩ። እንድትረግመኝ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

"እትዬ፣ የአሁኗ መርዘኛ ናት" አለችኝ። "ይመታልኛል?"

"ተመትቷል" አልኳት። አልተመታም ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፣ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ዳቦውን አጠገቧ አስቀምጬ ወጣሁ።

ቅዳሜ

የዳመነችን ካርድ ከልጇ ተቀብዬ መታሁት። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ሊቀመንበሩ ካርዱን አነሳው። ቀኑ ትናንት አልፏል፣ ደግሞስ እባቡ የታለ? አለ። ያቺ እፉኝት እኮ እስካሁን ካቡ ሥር ናት።

አቶ ላሚሶ ከበሩ ሆነው፣ "ሐሙስ ዕለት እኔ አይቼዋለሁ" አሉ። "ይነድፋል።"

ሊቀመንበሩ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርዱን ወረወረልኝ። እሳቸው ግን ወደ እኔ አልዞሩም።

ስኳሯን ተቀብዬ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ልጇም እኔ ጋ ናት፣ ያቀረብኩላትን ትበላለች፣ አታናግረኝም። ዶሮዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ጎመኑ ውስጥ ናቸው። ሰኞ የጣቷ ነገር ይታወቃል።